ወደ ኋላ የማይመለስ መብራት

መምህሩ የተገኘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የብረት ደረጃ ግርጌ በጎኑ ወድቆ ነው። ሁሉም ለስብሰባ ተሰብስበው የቀረው እሱ ብቻ ስለነበር፣ የአኒሜሽን ስቱዲዮው ዳይሬክተር ራሷ ልትፈልገው ወጣች። ጩኸቷን ሰምተው የወጡት ሦስቱ ሠራተኞች በጠባቡ በር ላይ ሊረጋገጡ ምንም አልቀራቸው።

መርማሪዋ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ፊቷ ላይ ግን ደፍሮ የሚናገር የለም። አለቃዋ ገና መንገድ ላይ ሳለች ደውሎ፣ «ደረጃ አዳልጦት ነው። እስከ ማታ መዝገቡን ዘግተሽ ነይ» ብሏት ነበር።

«ደረጃ የሚወርድ ሰው መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ይከታል?» አለች ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ።

አብሯት የመጣው ፖሊስ ማስታወሻውን አወጣ። የመለሰችላት ከኋላ የቆመችው ሴት ናት። ድሮ ነርስ ስለነበረች ሙያዋን ቀይራ አኒሜሽን መማር ከጀመረች በኋላም ሁሉም ነርሷ ነው የሚላት።

«ያለ መነጽር ሩቅ አያይም። የሚያወልቀው ቅርብ ነገር ሲያይ ብቻ ነው፤ ታብሌቱ ላይ የሆነ ነገር ሲያሳየን።»

«ታብሌቱስ?»

ዙሪያውን ፈለጉ። ታብሌቱ የለም።

«መጀመሪያ የነካሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ገላው ገና ይሞቅ ነበር፤ ደሙ ግን ረግቷል። ሰባት ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ደረጃውን አየችው። ከላይ፣ ወደ ጣሪያው ከሚያስገባው በር ፊት፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጠባብ ማረፊያ አለ። እዚያ ቆሞ ለአንድ ሰው አንድ ነገር አሳይቷል ማለት ነው። ያ ሰው ማነው?

ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ስልኳን ከእጅ ወደ እጅ ስታገላብጥ ጠበቀቻት።

«ስብሰባው ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ሶፍትዌር» አለች፤ ሰው ሞቶ ይህን ማለቷ አሳፈራት። «የልጆች ፊልም ነው የምንሠራው። እስከ ዛሬ በእጅ እየሣልን በአሮጌው ፕሮግራም ነበር የምናንቀሳቅሰው። አሁን ካልተለወጥን አንኖርም። ሦስት አዳዲስ ፕሮግራሞች ቀረቡና ቤቱ ተከፋፈለ። መምህሩን ያመጣሁት ሦስቱንም ፈትኖ፣ እኛንም እያስተማረ፣ የቱ እንደሚሆነን እንዲነግረን ነው። ሦስት ሳምንት ለፋ። ሊነግረን የነበረው ዛሬ ነው።»

«ማን የቱን ይፈልጋል?»

«አንጋፋው ሠዓሊያችን ጋሽ እርሳሱ አሮጌው አይነካ ይላሉ። መብረቁ የምንለው ልጅ ደግሞ ከባዱን፣ ትልቁን ካልያዝን ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ድሮም የቀጠርኩት እሱን ያውቀዋል ብዬ ነው። ሲቀጠር ያሳየንን የወፍ ፊልም ቢያዩ አፍዎን ይከፍታሉ። የአዲሱ ክፍል ኃላፊም የሚሆነው እሱ ነበር።»

«መምህሩ ጠዋት የነገረሽ ነገር የለም?»

ዳይሬክተሯ ስልኩን አስቀመጠች። «አለ። ‹አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ስብሰባ ላይ ከማንሳቴ በፊት ግን ለራሱ ልንገረው፤ ሰው ፊት አላዋርደውም› አለኝ።»

«ለራሱ ነው ያለሽ? ለራሷ አላለም?»

«ለራሱ።»

ፊልሙን ከሚሠሩት ውስጥ ወንዶቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ዳይሬክተሯና ነርሷ ደግሞ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሩብ ጉዳይ ማዶ ካለው ካፌ አብረው ምሳ ሲበሉ እንደነበር አስተናጋጁ መሰከረ።

ጋሽ እርሳሱ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። እርሳሳቸው ከጆሯቸው አይወርድም። መምህሩን በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ተቀብለው ሥዕል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወንበር ተሰጥቷቸው ሳይቀመጡ ቀሩ።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ወጣ ብዬ እግሬን ሳፍታታ ነበር።»

«ዘበኛው ከበር አልወጡም ይላል።»

«እንግዲያ አልወጣሁማ።»

«የት ነበሩ ታዲያ?»

ሽማግሌው ግድግዳውን አዩ። «እሰሩኝ ከፈለጋችሁ። አልናገርም።»

ፖሊሱ ኮሪደር ላይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል አሉ። ‹አንተን ያስተማረ እጄ ይቆረጥ› ሲሉት ተሰምተዋል። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

«አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ እፈልጋለሁ» አለችና ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፈች።

መብረቁ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አፉም ጣቱም አያርፍም። ጥያቄ ሳይጠየቅ መልስ ጀመረ።

«እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማስረጃው ይኸው!» ስክሪኑ ላይ አርባ ምስሎች ደረደረ። በሁሉም ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መብራት ይታያል። «መብራቱን አስተካክዬ ሬንደር አደርጋለሁ፤ አየዋለሁ፤ ደስ ካላለኝ እንደገና አስተካክላለሁ። ሰዓታቸውን ይዩት።»

«ሬንደር ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተሩ ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ አንዷን ምስል ሲያወጣ ነው። እያንዳንዷ ሁለት ደቂቃ ትፈጃለች።»

የመጀመሪያዋ ምስል ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ የመጨረሻዋ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል የወጣች ናት። መርማሪዋ ደጋግማ አየቻቸው። የሆነ ነገር አልጥም አላት፤ ምን እንደሆነ ግን መያዝ አቃታት። በማታውቀው ነገር ሰውን ማመንም መጠርጠርም አትወድም።

ወጥታ ነርሷን ጠራቻት። «ይህን ነገር አስተምሪኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። ከመጀመሪያው።»

መምህሩ ያስተምርበት በነበረው ትንሽ ክፍል ገብተው ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። ዘጋችው።

«የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይህ ነው» አለች ነርሷ። «ኳሷን እዚህ ያስቀምጡና መነሻ ብለው ምልክት ያድርጉ። አሁን ወደዚያ ይውሰዷትና መድረሻ ይበሉ። መሐሉን ራሱ ይሞላዋል።»

ኳሷ ከግራ ወደ ቀኝ ተንሸራታ ቆመች። መርማሪዋ እንደ ልጅ ደጋግማ አየቻት። «ምንም አላመነታችም» አለች።

«ማሽን ምን ያመነታል?»

መርማሪዋ ድንገት ቀጥ አለች። ከዚያ ዐይኗ እዚያው ስክሪን ላይ ባለ ፎልደር ላይ አረፈ። «ይህስ? ዐሥራ ሁለት ኳስ የሚል።»

ነርሷ ከፈተችው። የመጀመሪያዋ ኳስ እንደ ድንጋይ ወደቀች። ሁለተኛዋ ጣሪያ እስክትነካ ዘለለች። ሦስተኛዋ ከቀድሞዎቹ ባሰች፤ አራተኛዋ ተሻለች፤ አምስተኛዋ እንደገና ተበላሸች። «ገና ጀማሪ የሆነ ሰው የሠራው ነው። የኔ ግን አይደለም።»

«እያንዳንዷ የተቀመጠችበትን ሰዓት እዪው። ሁሉም ዛሬ፣ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ከአርባ። መምህሩ በሕይወት ባልነበረበት ሰዓት ጭምር!»

አጠገቡ የመምህሩ ማስታወሻ ደብተር ነበር። የመጨረሻውን ገጽ አንብባ ዘጋችውና፣ ጣሪያውንና ማረፊያውን እንዲፈትሽ ፖሊሱን ላከችው።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱም ትልቁ ስክሪን ባለበት አዳራሽ ተሰበሰቡ። የማሽኖቹ ማራገቢያ ያለ ማቋረጥ ያጉረመርማል። መብረቁ ጉልበቱን ያርገፈግፋል። ዳይሬክተሯ መቀመጫ ለወጠች፤ እንደገና ለወጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «እርስዎ የደበቁትን እኔ ላወጣው ነው። በምሳ ሰዓት እዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መምህሩን እየጠበቁ ኳስ ሲያነጥሩ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በድብቅ ሲያስተምርዎ ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። «ያስተማርኩት ልጅ ሲያስተምረኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው» አሉ። «ትናንት ‹ስብሰባው ላይ እናገርልዎታለሁ፣ እኮራብዎታለሁ› ሲለኝ ነው የተቆጣሁት። ዛሬ በመጨረሻ የደረስኩበትን ሳላሳየው ቀረሁ።»

«ለሥራው የትኛውን ሶፍትዌር እንደመረጠ ታውቃላችሁ?» ደብተሩን ከፈተች። «‹አሮጌውም፣ ከባዱም አይሆንም። መካከለኛው ይሁን። ጋሼ በሦስት ሳምንት ከለመዱት ማንም ይለምደዋል› ይላል።»

ዳይሬክተሯ ገጹን ለማየት አንገቷን አሰገገች።

«አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ሁለቱ ወንዶች ለዚያች ሰዓት ምስክራቸው የኮምፒውተር ሥራ ነው። የጋሼን ኳሶች እዩ። ትሻላለች፣ ትብሳለች፣ እንደገና ትሻላለች። የሚፈልግ ሰው እንዲህ ነው፤ ያልፈዋል፣ ይመለሳል። በኳሶቹ መካከልም አንዴ ሦስት ደቂቃ፣ አንዴ ዐሥር ደቂቃ አለ። ሰው ቁጭ ብሎ ራሱን ሲያክ ነበር።»

ነርሷ ቁልፍ ተጫነች። አርባዎቹ ምስሎች ተከታትለው አለፉ። መብራቱ ከአልጋው ራስጌ ወደ ግርጌው በእኩል እርምጃ ተንሸራተተ።

«ይህ መብራት አንዴም ወደ ኋላ አልተመለሰም። መብረቁ አስተካክዬ፣ አይቼ፣ እንደገና አስተካከልኩ ብሎኛል። አንዷ ምስል ለመውጣት ሁለት ደቂቃ ትፈጃለች፤ ቀጣይዋ የወጣችውም ልክ በሁለት ደቂቃዋ ነው። ታዲያ መቼ አየሃት? መቼስ አሰብክ? መነሻና መድረሻ ሰጥተህ ነው የሄድከው። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፤ እኔም ዛሬ ተምሬዋለሁ።»

«ይሄ... ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው፤ እርስዎ አይገባዎትም» አለ መብረቁ።

«ልክ ነህ፤ የሚገባቸውን እንጠይቅ። ጋሼ፣ መብረቁ ሲቀጠር ያሳየውን የወፍ ፊልም አይተውታል?»

«አላየሁትም። የኮምፒውተር ነገር ብዬ ንቄ።»

ነርሷ ፊልሙን ከፈተችው፤ ወፏ ስክሪኑ ላይ ታየች። ቅርንጫፍ ላይ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ከፈተች፤ ከዚያ አንገቷን አዞረች፤ ከዚያ በረረች። ጋሽ እርሳሱ ከወንበራቸው ተነሱ። ወደ ስክሪኑ ቀረቡ።

«እንደገና» አሉ። እንደገና ታየ። «ጭንቅላት ሳይዞር ዐይን ይጨፈናል፣ እያልኩ ስንት ቀን ቆጥቼዋለሁ። ክንፏ ሲነሳ ግራው ቀድሞ ይነሳል፤ ይህን አመል ላስጥለው ብዬ አቅቶኛል። ይሄ የልጄ እጅ ነው! እሱ የሠራት ነች!»

ዳይሬክተሯ ወደ መብረቁ ዞረች። «አንተ...»

«መምህሩ ያገኘው ይህን ነው» አለች መርማሪዋ። «የራሱን ሥራ በሌላ ሰው ስም። ሰው ፊት እንዳያሳፍርህ ብሎ ለብቻህ ጠራህ። ማረፊያው ላይ መነጽሩን አውልቆ ታብሌቱ ላይ አሳየህ።»

በሩ ተከፈተና ፖሊሱ ውሃ የሚንጠባጠብ ታብሌት በላስቲክ ይዞ ገባ። «ጣሪያው ላይ ካለው የውሃ ታንከር ውስጥ ነው።»

የመብረቁ ጉልበት መርገፍገፉን አቆመ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ልማረው ሞክሬ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ ያ ፈጣን አፉ አሁን አንድ አንድ ቃል ነው የሚያወጣው። «ከባዱን። መጽሐፉን ሦስቴ ጀመርኩት። አልገባኝም። አልገባኝም ማለት ግን... አንዴ አውቃለሁ ብዬ ነበራ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ሲጠራኝ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። እሱ ግን...»

«እሱ ምን አለህ?»

«‹አንተው ለዳይሬክተሯ ንገራት። ከዜሮ አስተምርሃለሁ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ገፋሁት።»

ነርሷ አፏን ያዘች። ዳይሬክተሯ፣ «ሳያስበው ነው፤ ሳያስበው ነው አይደል?» አለች፤ መርማሪዋን ሳይሆን ራሷን የምትለምን ይመስል ነበር።

«እኔም እንዲያ ቢሆን በወደድኩ» አለች መርማሪዋ። «ሰው ተናዶ ይገፋል፤ ኋላም ይጸጸታል። እሱ ግን ወደ ደረጃው ከመውጣቱ በፊት ‹ከወንበሬ አልተነሳሁም› የሚያስብለውን መብራት አዘጋጅቶ ነው የወጣው።»

መብረቁ ቀና አላለም። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

አለቃዋ እንደገና ደወለ። «ዘጋሽው?» አላት። «የአደጋውን ዘግቻለሁ፤ የግድያውን ከፍቻለሁ» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። የመምህሩ እናት እስከ አሁን አልሰሙም።

«ቤታቸውን የሚያውቅ አለ?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ጋሽ እርሳሱ ኮታቸውን እየደረቡ። «እኔ ጋ ያመጡት እጁን ይዘው ነው። እኔ ልንገራቸው።»

በእግር ሄዱ። ሽማግሌው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ ሦስት ጊዜ የሚሉትን ጀመሩ፤ ሦስት ጊዜ ተዉት። መርማሪዋ በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታለች፤ ለዚህች ሰዓት የሚሆን ዐረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላገኘችም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከአረንጓዴው በር ፊት ደርሰው ጋሽ እርሳሱ በጣታቸው ጫፍ፣ እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስል፣ ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ እየቀረበ መጣ።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ የሴት ድምፅ፣ ደስ ብሎት። «ምነው ዛሬ በጊዜ መጣህልኝ፣ ልጄ?»