እርሾው ላይ የረጋው ቆዳ

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ አቁሙና ወደ ሌላ ቻናል ሂዱ። እኔ ለላይክ ብዬ በእህቴ አልቀልድም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ። ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ።

የምሠራው መስኮት ላይ የሚቀባ ቀለም የሚያዘጋጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ዲግሪ የለኝም። ሙያውን ከአሮጌ መጻሕፍትና ከሰው ስህተት ነው የለቀምኩት። ባለ ዲግሪዎቹ ግን ሲጨንቃቸው ወደ እኔ ነው የሚሮጡት።

ሥራው እንዲህ ነው። ተንግስተን ኦክሳይድ የሚባለውን፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች አድርገን ዘይት ውስጥ እናሳድገዋለን። ብቻውን ገርጣጣ ነው፤ ሙቀት አያግድም። ሲዚየም የሚባል ባዕድ ብረት ጣል ስናደርግበት ግን ሰማያዊ ይሆንና የፀሐይን ሙቀት ይውጣል። ባዕዱ በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይጠቁራል።

ዘይቱ ይሸታል። የበሰበሰ ዓሣ... ጸጉር ውስጥ ገብቶ ትራስ ላይ የሚያድር።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ እዚያው ጠርሙስ አጣቢ ናት። ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከጠርሙሱ ግርጌ የሚቀረውን ዝቃጭ ለሚቀጥለው ጥንስስ እርሾ እንድታስቀምጥ ያስተማርኳትም እኔው።

ጓንት ያንሸራትታል። "በጣትሽ ጥረጊው፣ አትሞቺም" አልኳት።

ያን ቀን የእርሾውን ጠርሙስ ከፈትኩ። ሲዚየም አልነካውም፤ የገባበትን ሁሉ ራሴ ነኝ የመዘንኩት።

ሰማያዊ ሆኗል።

ላዩ ላይ ደግሞ ስስ ነገር ረግቷል... ቀዝቃዛ ወተት ላይ እንደሚረጋው። በመስታወት በትር ገፋ አደረግኩት።

አልተቀደደም።

ተጨማደደ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀዳዳዎች አሉት። ከአንዳንዱ ቀዳዳ ጸጉር ወጥቷል። መሐሉ ላይ የጣት አሻራ... ክብ በክብ ላይ።



ከማጠቢያው ክፍል እትዬ በሹክሹክታ፣ "ማነው የነካኝ?" አለች።

"ማንም የለም።"

"ጣቴን... ቀዝቃዛ ነገር።"

እጇን ይዤ ወደ መስኮት ወሰድኳት። የጣቶቿ ጫፍ ልሙጥ ነው። መስመር የለ፣ ቀዳዳ የለ። እንደ ተላጠ እንቁላል። ጫን ሳደርገው ዘይት አወዛ።

ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ሳምንት። አትሞቺም ብለሽኝ የለ እንዴ፣ የኔ ሊቅ።"



በሩ ተከፈተ። አለቃችን ነው። ሁሉን ነገር ሦስት መቶ ዲግሪ ላይ ካላፈላ እንቅልፍ ስለማይወስደው "ሦስት መቶ" እንለዋለን።

"እርሾውን አምጪ። ማሞቂያው ግሏል።"

"ተበላሽቷል።"

"አንቺ ነሽ የምትወስኚው?"

ጠርሙሱን ቀምቶኝ ማሞቂያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

እትዬ እጇን ብብቷ ውስጥ ቀብራ ተንበረከከች።

"አቃጠለኝ... አውጪኝ... አውጪኝ..."

ጠርሙሱን ነጥቄ፣ እሷን ጎትቼ ወጣሁ። "ተባረሻል" ሲለኝ ደረጃው ላይ ደርሻለሁ።

"ቀድሜዎታለሁ" አልኩት።

ይኸው አራተኛ ቀናችን ነው። ሐኪሙ የሳሙና ቁጣ ነው ብሎ ቅባት ሰጣት። ጠርሙሱን መጣል አልችልም፤ ስከድነው እንኳ እጇ እስከ ክርኗ ይደነዝዛል። ስለዚህ ከፍቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ቤቱ በሙሉ ይሸታል። ምግብ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ "በላኝ" አለች።

"የቱ ጋ?"

እጇን አላሳየችኝም። በአገጯ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመችኝ።

ትንፋሼን ውጬ በትሩን አስገባሁ። አከክሁላት። ከሥሩ ነጭ ፎረፎር እየተነሳ ዘይቱ ላይ ተንሳፈፈ...

"ትንሽ ወደ ግራ... እሱ ጋ... እፎይ።"

እንቅልፍ ወሰዳት።

በትሩን ላወጣ ሳብኩ።

አልመጣም።

ጎንበስ አልኩ። ቆዳው በትሩ ላይ ተጠቅልሎ... ጨብጦታል። እንዳይለቅ አድርጎ።

ቀስ ብዬ ዞሬ የእትዬን እጆች አየሁ።

ሁለቱም ብርድ ልብሱ ላይ ናቸው። ጣቶቿ ተዘርግተዋል።