እግሩ የታሰረ መሰላል

ሬሳው የተገኘው አዲሱ ቤት ለባለቤቱ በሚተላለፍበት ቀን ጠዋት ነው። በሰፊው ሳሎን፣ ከድንጋይ ጠረጴዛው ሥር፣ ቤቱን ያስዋበችው ዲዛይነር ጭንቅላቷ ተፈንክቶ ተዘርራለች። ከጎኗ፣ ከጣሪያው በተንጠለጠለው መብራት ትይዩ፣ መሰላል ቆሟል። ያየ ሁሉ «መብራት ስታስተካክል ወድቃ ነው» አለ።

መርማሪው ግን አላለም። ሲሄድ መሬት መሬቱን ስለሚያይ ባልደረቦቹ «አቀርቃሪው» ይሉታል። እሱም ስሙን አይጠላውም፤ ሰው ሲዋሽ ፊቱን ይጠብቃል፣ እግሩ ሥር ያለውን ግን ይረሳል ባይ ነው።

እንደ ልማዱ ተንበረከከ። የሟቿ እግር ባዶ ነው፤ ጫማዋ በር ላይ ተቀምጧል። ውስጥ እግሯ ከኮሪደሩ በረገጠችው የጄሶ ብናኝ ነጭ ሆኗል። ቀና ብሎ የመሰላሉን መወጣጫዎች አንድ በአንድ አየ። ጥቁር ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ አንዳቸውም ላይ የነጭ ምልክት የለም። የመሰላሉ እግሮች ደግሞ አራቱም በጨርቅ ተጠቅልለው ታስረዋል። አንዱን እግር አንሥቶ ሥሩን ሲያይ፣ ወለሉ ላይ የደረቀ የደም ጠብታ አገኘ።

ነገሩ አልጣመውም።

ጥበቃ ገና አልተቀጠረም፤ የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ከሟቿ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሬሳውን ያገኘችው ረዳቷ፣ ባለቤቱ ባለሀብት፣ እና ሁሉም «ጋሽ መሮ» የሚሏቸው ሽማግሌ አናጺ። መርማሪው ረዳቷን ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ጀመረ። ምክትሉ በር ላይ ቆሞ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ ያዳምጣል።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ፣ እኅቴ።»

«ተጣልተናል» አለች፣ ሳታመነታ። «የዚህን ቤት ምግብ ክፍል የነደፍኩት እኔ ነኝ። መጽሔት ላይ የወጣው በእሷ ስም ነው። ትናንት ፊት ለፊት ነገርኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹ልክ ነሽ፣ አስተካክለዋለሁ› አለችኝ። ግን ይህን አሁን ማን ያምነኛል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ ሄድኩ።»

«እንዴት ነበር የምትሠራው?»

ልጅቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አንድ መስመር ሳትሥል በፊት ባዶው ክፍል ውስጥ ሳምንት ሙሉ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ በባዶ እግሯ። ብርሃኑ ሲዞር፣ ወለሉ ሲቀዘቅዝ ታጠናለች። ባለቤቶቹን ‹ስታኮርፉ የት ነው የምትቀመጡት?› ትላቸዋለች። ሀብታሞቹ ይስቁባታል፤ ቤቱ ሲያልቅ ግን ያኮረፈ ሁሉ የሚገኘው እሷ ባዘጋጀችው ጥግ ነው። ቅንጦት መቀነስ ነው ስለምትል ሠራተኞቹ ‹ንቀሉት› የሚል ስም አውጥተውላታል።»

ባለሀብቱ በበኩሉ ሰዓቱን እያየ ነው የገባው።

«አደጋ መሆኑ ግልጽ ነው። እንግዶቼ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ!»

«እንግዶቹ ይቆዩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሯት መቼ ነው?»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ‹አሁን ወሰንኩ፣ ያንን የሳሎን የእንጨት ግድግዳ ላስነሣው ነው› አለችኝ። ስምንት ወር የተለፋበት! ቤቱ መተንፈስ አቃተው አለች። ቤት ሳንባ አለው እንዴ?»

«ይህን ሌላ ሰው ያውቅ ነበር?»

«‹ከእርስዎ በቀር ለማንም ገና አልነገርኩም› ብላኛለች። እኔም ለሚስቴ እንኳ አልተነፈስኩም፤ መሳቂያ ልሁን?»

ጋሽ መሮን ሳሎን ውስጥ፣ ከዚያው ግድግዳ ፊት ለፊት አገኛቸው። ከወለል እስከ ጣሪያ የተጠረበ፣ ቅጠልና ሐረግ የተቀረጸበት እንጨት ነው። ሽማግሌው ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ እጆቻቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«አብራችሁ ብዙ ሠርታችኋል?»

«ሃያ ዓመት፣ ልጄ። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ እሷ መጋረጃ ትሰፋለች፣ እኔ ወንበር እጠርባለሁ። ከዚያ እንዲህ ያለ ቤት ላይ ደረስን።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አሥር ሰዓት። እሷን እዚሁ ትቻት።»

«እጅዎ የተባረከ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ አይቼ አላውቅም።»

«የመጨረሻዬ ነው፤ ጣቶቼ ከዚህ በኋላ አይታዘዙኝም። እንግዲህ ቢነሣስ ባይነሣስ ምን ዋጋ አለው፣ እሷ ከሌለች?» አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

መርማሪው አንገቱን ደፋ። ለሽማግሌው አዘነ፤ ማዘኑ ግን መጠርጠሩን አላስቆመውም።

ወደ ወጥ ቤቱ ሲመለስ ምክትሉ የረዳቷን እጅ በካቴና አስሯል። «ቁልፍ አላት፣ ጠብ ነበራት፣ ሬሳውንም ያገኘች እሷ ናት። ምን ቀረ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

ተከትለውት የመጡት ጋሽ መሮ ጠጋ ብለው የልጅቷን ትከሻ ዳበሱ። «አይዞሽ ልጄ፤ እውነቱ ይወጣል» አሏት። እሷም በእንባ አንገቷን ነቀነቀች።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። መርማሪው ከመሰላሉ እግር የወለቀ አንድ ጨርቅ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«መሰላሉን በዚህ ያሰረው ማን ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ይሁን። አሁን መብራቱን ከላይ ልመረምረው ነው። ሌላ መሰላል ያውና ጥግ ላይ፤ በየተራ አቁሙልኝ።»

ባለሀብቱ እያጉረመረመ መሰላሉን ወለሉ ላይ ጎትቶ አመጣው። የእንጨቱ ወለል ሲጫር የጋሽ መሮ ፊት ተኮማተረ። የረዳቷ ተራ ሲደርስ ምክትሉ ካቴናዋን ፈታ። ዙሪያዋን አየች፤ ጨርቅ ስታጣ ከአንገቷ ሻርፕ፣ ግድግዳ ሥር ከተቀመጠ የሥዕል መጠቅለያ ቁራጭ እየወሰደች የመሰላሉን እግሮች አሰረችና ቀስ ብላ አቆመችው።

«ይኸው!» አለ ምክትሉ። «ራሷን አጋለጠች!»

«ጋሽ መሮ ይቀራሉ» አለ መርማሪው።

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ሰረቅ አድርገው አዩ። ከዚያ የልጅቷን ጨርቆች ፈቱና መሰላሉን እንዲሁ፣ ባዶ እግሩን፣ ራሳቸው ባነጠፉት ወለል ላይ አቆሙት።

«ልጄ» አለ መርማሪው ወደ ረዳቷ ዞሮ፣ «የመሰላል እግር ማሰርን ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ ናቸው» አለች፣ ግራ ተጋብታ። «ያለቀ ወለል ላይ ያለ ጨርቅ መሰላል ያቆመን ሰው ከሥራ ያባርራሉ።»

ሁሉም ወደ ጋሽ መሮ ዞሩ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ መርማሪው። «ሟቿ ከመሰላል አልወደቀችም። እግሯ በጄሶ ነጭ ነው፣ መወጣጫው ግን ንጹሕ ነው። መሰላሉ ሲቆም ደሟ ፈስሶ ነበር፤ ጨርቁ ሥር ጠብታ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ያቆመው ገዳዩ ነው። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ ወለሉ እንዳይጫር ተጨነቀ። ባለቤቱ እንደማይጨነቅ አይታችኋል። የሚጨነቁት ሁለት ናቸው። አንዷ የምትደብቀው ስለሌላት፣ ጨርቁን እያየች፣ በካቴና ታስሮ የነበረ እጇን እያሸች፣ እንደተማረችው ሠራች። ሌላው ግን ሃያ ዓመት ያልረሱትን ዛሬ ረሱ።»

«የሽማግሌ መርሳት ወንጀል ነው?» አሉ ጋሽ መሮ። ድምፃቸው ተሰብሯል።

«አይደለም። የልጅቷን ቋጠሮ ሳይፈታ አይቼዋለሁ፤ ጫፉ ወደ ውጭ የወጣ ነበር። የጠረጴዛው ቋጠሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተጎንጉኖ የተሸጎጠ ነው። እስቲ ጀርባዎን ያዙሩልን።»

አልዞሩም። ምክትሉ ከኋላቸው ሄዶ የሽርጣቸውን ማሰሪያ አየ፤ ከጠረጴዛው ቋጠሮ ጋር አስተያየው፤ ከዚያም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ደግሞም አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ መርማሪው። «ግድግዳው ‹ቢነሣስ ባይነሣስ› አሉኝ። እሷ የወሰነችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እርስዎ አሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ ብለዋል። ማን ነገረዎት?»

ጋሽ መሮ ሟቿ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እሷው ናት» አሉ። «አሥር ሰዓት ላይ አልወጣሁም፤ አመሻሹ ላይ ከግቢ ሳልወጣ ጠራችኝ። ‹አዝናለሁ ጋሼ፣ ይነቀል› አለችኝ፤ እንደ መጋረጃ! ለመንኳት። ከዚህ በኋላ ሌላ አልሠራም፣ ስሄድ የሚቀረኝ ይህ ብቻ ነው አልኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ገፋኋት፤ ጭንቅላቷ ጠረጴዛውን መታ። መግፋት ብቻ ነበር…»

«የትናንቱን ንዴት ዳኛ ይመዝነዋል» አለ መርማሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ረዳቷ ፊታቸው መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ እጄ በካቴና ታስሮ ሳለ አጠገቤ ነበሩ። አይዞሽ ብለውኛል።»

«ልናገር ነበር፣ ልጄ። በእናቴ ልናገር ነበር።»

«መቼ?» አለች። «ስንት ዓመት ከታሰርኩ በኋላ?»

ሽማግሌው የሽርጣቸውን ቋጠሮ ፈቱና እጆቻቸውን ለምክትሉ ዘረጉ።