ከመኝታ ቤቱ ወለል ሥር ያለው ሹም

አጎቷ ኸለፍ ገመዱን ወገቧ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሮ ሲያስር ዚናት ትንፋሿን ያዘች። በመኝታ ቤቱ ወለል መሃል የተቆፈረው ጉድጓድ አፉ ጠባብ ነው፤ ከእሷ ሌላ የሚያስገባው ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄዷል፤ የፈርዖኖች ዘመን ሐውልት በድብቅ አውጥቶ ለመሸጥ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

«ሐውልቱን ፈልገሽ ታገኚና በገመድ አስረሽው ትወጫለሽ፤ በቃ» አለ ኸለፍ። «የሹም ሐውልት ከሆነ ደግሞ ሚስቱም ከጎኑ አትጠፋም። እሷን በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣታለን።»

«ለሪፍዓትም በቃ ብለውት ነበር» አለች ዚናት።

ወንድሟ ሪፍዓት እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ከሞተ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። «ትከሻ አገኘሁ! የተቀመጠ ሰው ነው!» ብሎ ከታች ሲጮህ አሸዋው ተናደበት። ለጎረቤት ኤሌክትሪክ ያዘው ተባለ። ዚናትም ትምህርት ቤት ለጠየቋት ሁሉ ይህንኑ ስትደግም ሰነበተች።

«አባዬ፣ የግድ ነው?»

አባቷ ዓይኑን ከጉድጓዱ አላነሳም። «አሁን ብንተወው ልጄ በከንቱ ሞተ ማለት ነው።»

ወረደች።

ታች እርጥብ አሸዋ ይሸታል። ግንባሯ ላይ ባሰረችው መብራት እያየች በእጇ ጫረች። መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ የተዘረጉ እጆች፣ በመጨረሻም ፊቱ ወጣ። ጥቁር ድንጋይ ነው። ሆዱ ትንሽ ወፈር ያለ፣ በልቶ ያደረ፣ የንጉሥ ሹም። ስሙ መቀመጫው ላይ ተቀርጿል፤ እሷ ግን ማንበብ አትችልም። ወንድሟን የገደለው አሸዋ የእሱን አፍንጫ እንኳ አልጫረውም።

እግሩ ሥር የሪፍዓት ሰማያዊ ላስቲክ ጫማ ተቀብሮ ነበር። አንድ እግር ብቻ።

ከላይ ጥቂት አሸዋ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ዚናት ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ከዚያ በሁለት እጇ አሸዋውን እያፈሰች የሹሙ ፊት እስኪጠፋ ድረስ መለሰችበት። ጫማውን ይዛ ገመዱን ጎተተች።

«የታለ?» አለ ኸለፍ ገና ሳትወጣ።

«የለም። አለት ነው።»

«ትከሻ ነው ብሎ ነበር እኮ።»

«የተጠጋጋ አለት ነው አጎቴ። ካላመኑኝ እርስዎ ይውረዱ።»

ኸለፍ ቦርጩን ተመለከተና በጥርሱ መሃል ተሳደበ።

ዚናት ጫማውን ለአባቷ ዘረጋችለት። «እዚያ ያለው ይሄ ነው።»

አባቷ ተቀብሎ አሸዋውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ፊቷን ትክ ብሎ አየው። ውሸት ስትናገር ያውቅባታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቅባታል። ዓይኗን ግን አልሰበረችም። ገመዱን ከወገቧ ፈታች፣ ጥጉ ላይ ከተደገፉት ሁለት አካፋዎች አንዱን አነሳች፣ የመጀመሪያውን አፈር ወደ ጉድጓዱ ወረወረች።

«ኧረ… ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ኸለፍ።

አባቷ ጫማውን ጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ኸለፍ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሌላውን አካፋ አቀብለኝ።»