ስምንተኛ ቀን፣ አሥረኛ ቀን

«በግምት ነዋ የቀባሃቸው!» አለች ዘሚራ።

«ታዲያ ጅራታቸውን ባዶ ልተወው?» አለ መብራህቶም። «ምልክቱን ያጠፋሽው አንቺ። አይጥ በሳሙና የሚያጥብ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ሙሽሮች መሰሉሽ?»

ይህን መካድ አልቻለችም። ትናንት የውሃው ጠርሙስ ተገልብጦ ሁለቱ አይጦች በሰጋቱራ ተለውሰው ስታገኛቸው፣ አሳዝነዋት በሞቀ ውሃ አጠበቻቸው። የጅራታቸው ቀለም አብሮ ሄደ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ መብራህቶም ቀድሟት ገብቶ አንዷን ቀይ፣ ሌላዋን ሰማያዊ ቀብቶ ጠበቃት።

ከነጻነት በኋላ ሁለተኛው ክረምት ነበር። ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሰው፣ አስመራ ውስጥ በመምህር ዘርዓይ ቤተ ሙከራ እርጉዝ አይጦችን ይመግባሉ፣ ይመዝናሉ። ነገሩን መምህሩ በመጀመሪያው ቀን አስረድተዋቸዋል፦ የእድገት ሆርሞን በደም ይዞራል፤ ጉበት ላይ የሚይዘው ተቀባይ ካላገኘ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። በእርግዝና ጊዜ ተቀባዮቹ ይበዛሉ። ቀኑ ሲደርስ የእያንዳንዷ ጉበት ወጥቶ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ ይመረመራል። «ከስንተኛው ቀን ጀምሮ?» ብለው ነበር ጣታቸውን አንስተው። «እሱን ነው የምንፈልገው።»

ቀይዋ ስምንተኛ ቀኗ፣ ሰማያዊዋ አሥረኛ ቀኗ መሆን ነበረባት። ሚዛን ላይ ሲያወጧቸው እኩል መጡ።

«ግማሽ ዕድል እኮ አለን» አለ መብራህቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በጃኺ ዘሚራ፣ እባክሽ። ከተናገርሽ ሁለቱም ከሙከራው ይወጣሉ። ሌሎች እስኪያረግዙ ትምህርት ይከፈታል። መምህሩ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስማችሁን አሰፍራለሁ ያሉት ይቀራል። ለአባቴ ነግሬዋለሁ።»

«እኔስ ለእናቴ አልነገርኩም?»

«እና?»

ዘሚራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መዝገቡን ገልጣ በሁለቱ ቁጥሮች ትይዩ ጻፈች፦ «ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ምልክቱ ጠፍቷል፤ አሁን ያለው በግምት የተቀባ ነው።» ስሟን ፈረመች። ማን እንደቀባ አልጻፈችም። እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ ትታ ወደ መብራህቶም ገፋ አደረገችው።

በሩ ተከፈተ። መምህር ዘርዓይ ገቡ፤ ረዳታቸው ኣስካሉ ጥቂት በረዶ ያለበት ባልዲ ይዛ ተከተለቻቸው።

«ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ያለ ባር ሁሉ በረዶ የለንም ይላል!» አለች ኣስካሉ።

«ይቺ ታዲያ ለስንት ጉበት ትበቃለች?» አሉ መምህሩ።

«ቶሎ ከሠሩ ለሁሉም!»

መብራህቶም እስክሪብቶውን ገና አልነካውም። ዘሚራ ጋውኗን ምስማሩ ላይ ሰቀለች። መምህሩና ኣስካሉ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው ሲከራከሩ፣ በጎናቸው አልፋ ወጣች።