የተላጃዬ ሳጥንና የምዘላት ቃል

እኔ እንኳ ወዳጄ፣ በጂንም በዛርም አምኜ አላውቅም፣ ጎንደር ገጠር ሳድግ ሰዉ ወንዝ ዳር ሰይጣን አየሁ እያለ ሲሮጥ፣ እኔ ሄጄ ሳየው ሁልጊዜ የጎረቤት አህያ ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ መጥቼም እዚሁ አረጀሁ፣ ከመብራቱ በቀር የሚያስደነግጠኝ ነገር አልነበረም።

የዚህ አገር መብራት፣ ይልቁንም ከጦርነቱ ወዲህ፣ እንደ ሰካራም አማች ነው፣ ሲያሻው ይቀራል፣ ሲያሻው በሩን በርግዶ ይገባል፣ አንዴ ደክሞ አምፖሉን ፍም ያስመስለዋል፣ አንዴ በርትቶ ያፈነዳዋል። ከቤቴ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ትንሽ ዱካን ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ እሸጣለሁ፣ ማቀዝቀዣዬ፣ እኛ ተላጃ የምንላት፣ አንዲት ናት፣ ከጠርሙሶቹ ኋላ ደግሞ የባለቤቴ የይመኙሻል የስኳር መድኃኒት ይቀመጣል፣ እሱን ሙቀት ካገኘው አለቀ፣ ዛሬ ተፈልጎ ዛሬ የሚገኝም አይደለም። እና የተላጃዋ ሞተር ለእኔ የይመኙሻል ነፍስ ነው፣ ይህን ያዝልኝ።

ሞተሯን ከመብራቱ አመል የሚጠብቅ የብረት ሳጥን ግድግዳው ላይ ነበር፣ ድሮ የሠራው ሰው ሪሌ በሚሏቸው ራሳቸው በሚያበሩና በሚያጠፉ ትንንሽ ማብሪያዎች ሞልቶት፣ ሽቦው እንደ ሽፍታ ጎፈሬ የተንጨባረረ፣ ተላጃዋን ከሚያስነሳበት የሚያስቀርበት ቀን የሚበዛ። በኋላ ክብሮምን አገኘሁ፣ ሁመራ የወፍጮ መብራት ይሠራ የነበረ፣ በሐምዳይት በኩል ድንበር የተሻገረ ጎልማሳ ነው፣ ሳጥኑን ከፈተና ሳቀ።

«አቦይ፣ ይኼ ሁሉ ሎሌ ምን ይሠራል? አንዱ ሌላውን ያዛል፣ ያም ሌላውን ያዛል፣ አንዱ ሲያኮርፍ ቤቱ ይቆማል።»

ነቃቅሎ ጣለው። የተረፈው መብራቱን የሚቃኝ አንድ ሪሌ፣ ለተላጃዋ መብራት የሚሰጥና የሚነፍግ አንድ ኮንታክተር፣ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ብቻ ነው። አረንጓዴውን ስትጫነው ኮንታክተሩ ጧ! ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል፣ መብራቱ ሲደክም ወይ ሲበረታ ሪሌው ይለቅበትና ይወድቃል፣ ከወደቀ በኋላ መብራቱ ቢስተካከልም ሰው አረንጓዴውን ካልተጫነው አይነሳም። አደራ፣ ይህችን አትርሳት።

«ታይመሩስ?» አልኩት፣ ምክንያቱም ተላጃ እንደጠፋች ወዲያው ብትነሳ ሞተሯ ይቃጠላል፣ ትንፋሽ መውሰድ አለባት፣ የድሮው ሳጥን ይቆጥርላት ነበር።

«ተቃጥሏል፣ ገበያም የለም። እርስዎ ይቁጠሩላት።»

ሰዓት የለኝም፣ ቢኖረኝም ዓይኔ ደክሟል። አባታችን ሆይን ልበልላት አልኩት፣ እሱም በስልኩ ለካኝና በአንድ እጅ ጣቶች ልክ ብደግመው እንደሚበቃ ነገረኝ።

«በእርስዎ አነጋገርማ ሞተሩን እንቅልፍም ይወስደዋል» አለ።

በዚህ ዓይነት እኔ ታይመር ሆንኩ። ይመኙሻል የቄስ ልጅ ናት፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ትሰማኛለች፣ እኔ ደግሞ ከጸሎቱ መሃል አንዲት ቃል እዘላለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ያስተማሩኝ ሰውዬም ይዘሏት ነበር መሰለኝ። «ዘለልካት!» ትለኛለች፣ «ሞተሩ አላኮረፈም» እላታለሁ፣ እንዲህ እየተባባልን ኖርን።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ለለቅሶ ፋው ከተማ ሄድኩ፣ ማታ እመለሳለሁ ብዬ የዱካኑን ቁልፍ በልማድ ኪሴ ከትቼ። ከሰዓት በኋላ ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ፣ ሃቡቡ፣ ተነሳና ቀኑን ዋጠው፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ሞተ። ሳልተኛ አድሬ በማግስቱ ስደርስ፣ በሬ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሐሊማ፣ ሱዳናዊት ናት፣ አማርኛችንን ከእኛ ጋር እየዋለች የለመደች፣ ገና ከሩቅ ጮኸችብኝ።

«ያ ዓም፣ አጎቴ! መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ሲሄድ ሲመጣ፣ ወላሂ እኔን ደከመኝ!»

የዱካኑን ቁልፍ ከኪሴ መዘዝኩ። ገና መጀመሪያ ሲሄድ ኮንታክተሩ ወድቋል፣ የሚያነሳው የለም፣ መድኃኒቱ በዚያ ሙቀት ተቀቅሏል ማለት ነው።

በሩን ስከፍት፣ እመነኝ፣ ተላጃዋ ታንኮራፋለች። መድኃኒቱን ዳሰስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ወለሉን አየሁ፣ ሃቡቡ በበሩ ስር ገብቶ ሁሉን ዱቄት አልብሶታል፣ ከእኔ ዳና በቀር የማንም ዳና የለም፣ ሳጥኑም ቀዩ ቁልፍም አቧራ ለብሰዋል፣ አረንጓዴው ቁልፍ ግን የተወለወለ ነው።

ይመኙሻል በበሩ ብቅ አለች፣ ተቆጥታለች።

«ምነው፣ ትናንት ከለቅሶው ከተመለስክ ጀምሮ ዱካን ተቀምጠህ እህል አትቀምስም?»

«ኧረ አሁን መግባቴ ነው።»

«ሂድ ወዲያ! መብራቱ በመጣ ቁጥር ስትጸልይ፣ ከዚያ ጧ ስታደርገው እየሰማሁ? ብጠራህ አትመልስ፣ ብጠራህ አትመልስ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ደግነቱ ያቺን ቃል አንዴም አልዘለልካትም።»

ክብሮምን አስጠራሁ። ፈታው፣ አየው፣ ገጠመው። ተጣብቆ ይሆን ብዬ ብጠይቀው «ቢጣበቅማ መብራቱ ሲደክም አይወድቅም ነበር፣ ሞተሩም ይኼኔ ከሰል በሆነ ነበር» አለኝ።

«ጂን ነው» አለች ሐሊማ።

«እንግዲያው የተጠመቀ ጂን ነው» አለ ክብሮም።

ሐሊማ ከልቧ ቅር አላት። «በሩ ላይ ስንት ዘመን ስጸልይ የኖርኩት እኔ! ለኔ አንድ ቀን ጧ ብሎ አያውቅም!»

ክብሮም መብራቱን አጥፍቶ መለሰውና «ይጸልዩ፣ ማንም እንዳይነካው» አለን። ጣቶቼን እያጠፍኩ ጸለይኩ፣ አሜን አልኩ። ምንም የለም። ክብሮም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ቀለለኝ።

«ዘለልካታ!» አለች ይመኙሻል ከግድግዳው ወዲያ።

ሳቃችን አለቀ። ክብሮም ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ይድገሙት፣ አቦይ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳይዘሉ።»

አፌን ስከፍት ከሳጥኑ ውስጥ እህ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ሰው ሊናገር ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርገው። ዘልዬ አረንጓዴውን በራሴ ጣት ተጫንኩት። ጧ!

«ምን ሆኑ?»

«ሞተሩ አርፏል፣ ይበቃዋል» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶም ሰርግም ብሄድ ተላጃዋ ቆማ አላገኘኋትም፣ የይመኙሻልም መድኃኒት ሞቆ አያውቅም። እኔ ባለሁበት ግን ያቺን ቃል አውቄ እዘላታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብላት ቁልፉን ማን እንደሚጫነው ማየት አልፈልግም። ብቻ ሰሞኑን እዚያች ቦታ ደርሼ ዝም ብዬ ሳልፋት፣ ይመኙሻል ከግድግዳው ወዲያ «ጎሽ፣ ዛሬ አልዘለልካትም፣ በስተርጅና ተማርካት» ትለኛለች።