ጅጅማ የት ነው?

የኢክራም አክስት ራውዳ ጅማ ትኖራለች። እሑድ ልታገባ ነው።

ለሰርጓ ነጭ ጫማ ፈለገች። ገበያውን ዞረች፣ ዞረች። በእግሯ ልክ ግን አጣች።

«እኔ እልክልሻለሁ» አላት ወንድሟ ከአዲስ አበባ። እሱ የኢክራም አባት ነው። ብዙ አያወራም። ያለውን ግን ያደርጋል።

ጫማውን ገዛ። ካርቶን ውስጥ ከተተው። በፕላስተር ጠቀለለው። ጥርርር! ጥርርር!

በአንድ እጁ ካርቶኑን፣ በሌላው ኢክራምን ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ።

«ወዴት የሚሄድ ነው?» አለ ጭነት የሚቀበለው ሰውዬ።

«ወደ ጅማ።»

«እንግዲያው ሦስት ፊደል ይጻፉበት። ሦስት ብቻ! እኛ ጋ አገሩ ሁሉ ስሙ ሦስት ፊደል ነው።»

አባት ማርከር አወጣ። በፈረንጅ ፊደል ትልልቅ አድርጎ ጻፈ። «ጄ! አይ! ኤም!»

«አባ፣ እኔም ልጻፍ!» አለች ኢክራም።

«አይሆንም።»

«አንዴ ብቻ!»

«አይሆንም አልኩሽ። ፊደሉ ከተሳሳተ ዕቃው ሌላ አገር ይሄዳል።» ከዚያ በላይ አላስረዳትም።

ኢክራም አኮረፈች። ፊደል ቆጥራለች እኮ! ከሀ እስከ ፐ!

አባት መስኮቱ ጋ ሰው ሊያናግር ሄደ። ማርከሩ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

ኢክራም ግራና ቀኝ አየች። ካርቶኑን ገለበጠችው። ምላሷን አውጥታ ጻፈች። ጅ። ማ።

ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት። ውይ! ሰውዬው «ሦስት ብቻ!» ብሏል። አንድ ጎደለ!

አሰበች፣ አሰበች። ከፊት ሌላ ጅ ጨመረች። ጅ። ጅ። ማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

ማ ትንሽ ተንጋዳ ጋ መሰለች። ምን ቸገራት? ሦስት ሆነ!

አባት ተመልሶ የተጻፈውን ሳያይ ካርቶኑን አስረከበ። እነ ኢክራም ወደ ቤት ሄዱ። ካርቶኑ በጋሪ ተገፋ። ኪርር! ኪርር!

ጫኙ ከላይ ያለውን ብቻ አየ። «ጅ… ጅ… ጋ!» ብሎ ጮኸ። ካርቶኑ የጅጅጋው አውሮፕላን ውስጥ ገባ። ቩዉዉዉ!

ሐሙስ ራውዳ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ጫማዬስ?»

«ይመጣል።»

ዓርብ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ጫማዬስ?»

«ይመጣል።»

ቅዳሜ ሌላ ሰው ደወለ። ከጅጅጋ።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ካርቶን እኛ ጋ መጥቷል። በአንድ በኩል በፈረንጅ ፊደል ጅማ ይላል። በሌላ በኩል ጅጅማ ይላል። ለመሆኑ ጅጅማ የት ያለ አገር ነው? እኔም ሄጄ ልየው!»

አባት አልሳቀም። ዞር ብሎ ኢክራምን ፈለገ። ኢክራም አልጋ ሥር ገብታለች።

አባት ተንበረከከ። «ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አለ ከአልጋው ሥር ትንሽ ድምፅ።

«ለምን?»

«ሦስት ፊደል ተባለ። ጅማ ግን ሁለት ናት። አንድ ጎደለችኝ።»

አባት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ሦስት የምትሆነው በፈረንጅ ፊደል ነው» አለ። «አልነገርኩሽም።»

«ጫማው ለነገ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

እሑድ ራውዳ በጎረቤት ጫማ ተዳረች። ጫማው ሰፊ ነው። ስትራመድ ይወልቃል። ስትደንስ ይወልቃል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ራውዳ ግን አልሳቀችም።

ማታ ኢክራም ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «አክስቴ፣ ጅጅማን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

«አልቅሼ ነበር፣ የኔ ቆንጆ» አለች ራውዳ። «ግን ይወጣልኛል።»

«ሰርጉን እንደገና አድርጊው!»

«ሰርግ እንደገና የለም፣ የኔ እናት።»

ማክሰኞ ጫማው ጅማ ደረሰ። ራውዳ ደወለች። ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «ስሚ እንግዲህ!»

ኳ! ኳ! ኳ! ኳ!

«ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ» አለች። «የሰርግ ጫማዬን አድርጌ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው!»

ኢክራም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አለቀ። ምነው እሑድ በሆነ!

መኝታ ሰዓት ሲደርስ አባት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?»

«ልጻፍ ስትዪኝ፣ ‹ነይ አብረን እንጻፍ› ብልሽ ኖሮ…» አልጨረሰውም።

ኢክራም ጠጋ አለችለት። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችለት። አባት አጠገቧ ጋደም አለ።

መጀመሪያ ያንኮራፋው አባት ነው። ኾርርር! ኾርርር!

ኢክራም ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ አለበሰችው። ከዚያ እሷም ተኛች።