በቀኝ በኩል አናግሪኝ

ዓብዱሰመድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኩት ሠላሳ ሰው ፊት ነበር። እሱ ግን ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

ጊዜው ጥር 2007 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ አንድ ተጓዥ የፊልም ፌስቲቫል ነገሌ መጥቶ ነበር። ቀን ቀን አዘጋጆቹ በባህል አዳራሹ ውስጥ፣ በራሳቸው አቅም ፊልም መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች ሥልጠና ይሰጣሉ። እኔ ሙና እባላለሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሊፋ፣ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እኔ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሠርግ ቪዲዮ አቀናብር ነበር። በእኛ ሠርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ስለሚጨፍሩ ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባም፤ የሴቶቹን ወገን የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። ካሜራ ከያዝኩ አልፈራም። ካሜራውን ካስቀመጥኩ ግን ሰው ፊት ሁለት ቃል መናገር ያቅተኛል።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ድምፅ ያስተማረን ዓብዱሰመድ ነው። ከነገሌ ብዙም የማትርቀው የወደራ ከተማ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ዓመት ድምፅ ቀጂ ሆኖ የሠራ። ሲያስተምር እያንዳንዱን ተማሪ አፍ አፉን ያያል። ደስ አለኝ። በዕረፍት ሰዓት ገመድ ሲጠቀልል አየሁትና ያለኝን ድፍረት ሁሉ አሰባስቤ ሄድኩ። በግራው በኩል ቆሜ፣ ነፋስ ሠርግ ላይ ድምፅ ሲያበላሽብኝ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እኔ ግድግዳ የሆንኩ ይመስል ትቶኝ ሄደ።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ቤቴ እስክደርስ ፊቴ እሳት ነበር።

ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ዲንኪቱ ግን አልተወችኝም። የጉጂ ልጅ ናት፣ አስተማሪ፤ ፈርቼ የተውኩትን ነገር ሁሉ በጣቷ ቆጥራ ትነግረኛለች። በማግስቱ ባጃጅ ይዛ መጥታ ሱቁ በር ላይ ቆመችና፣ ካልወጣሁ የማለቅስበትን ምክንያት ለአባቴ እንደምትነግር ዛተችብኝ። አባቴን ፈርቼ ወጣሁ።

አዳራሹ ስንደርስ የሥልጠናው ኃላፊ እትዬ የዓለምወርቅ በቡድን በቡድን እየከፋፈሉን ነበር። እኔና ዲንኪቱ አጭር ፊልም እንድንሠራ ዱብሉቅ፣ ወደ ቦረና ጥንታዊ የውሃ ጉድጓዶች ተመደብን። ድምፅ ቀጂያችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱው።

አባቴ መጀመሪያ አይሆንም ብለው ነበር። እትዬ የዓለምወርቅ ሱቁ ድረስ መጥተው፣ እኔ ራሴ አብሬያቸው አድራለሁ፣ እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው ብለው ለምነው ነው የፈቀዱት። በሚኒባሱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስንጓዝ ከዓብዱሰመድ በግራ በኩል ተቀምጬ አንድም ቃል አልተናገርኩም። እሱም አልተናገረም። ኩራተኛ ነው፣ አዲስ አበባ ኖሮ እኛን የቆላ ልጆች ንቆ ነው ብዬ ፈረድኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ ጋ ወረድን። ቦታውን ላላየ ሰው ለመንገር ይከብዳል። ከብቶቹ ወደ ገንዳው የሚወርዱበት ረጅም መንገድ መሬቱን ሰንጥቆ ይገባል፤ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአፈር ግድግዳ ነው። ከገንዳው በታች፣ በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ፣ ወንዶች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ዓብዱሰመድ ዘፈኑን ሊቀዳ ማይክራፎኑን ይዞ መንገዱ መሐል ተንበረከከ። እኔ ከግድግዳው ጥግ ሆኜ እቀርጸው ነበር።

ከላይ የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ በኦሮምኛ ሲጮሁ ሰማሁ። ከብቶቹ ከሦስት ቀን ጥም በኋላ ውሃ ሸቷቸው፣ ጠባቂዎቹን ጥሰው ቁልቁል እየሮጡ ነበር። አቧራው ቀድሟቸው መጣ። ሁላችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። እሱ ብቻ አልተነቃነቀም።

«ዓብዱሰመድ!»

አልዞረም። ደግሜ ጮኽኩ። ሽማግሌውም ጮኹ። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጆሮው ባዶ ነው።

ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። ካሜራዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ ኮሌታውን ይዤ ወደ ግድግዳው ጎተትኩት። አንድ ትልቅ በሬ ቀሚሴን እየነካካ አለፈ። ከብቶቹ አልፈው አቧራው ሲበርድ፣ ሁለታችንም መሬት ላይ ነበርን። ማይክራፎኑ ተረግጦ ደቋል።

ሰው ሁሉ በዘፈኑ ተመስጦ ነው ብሎ አለፈው። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የግራር ጥላ ሥር ብቻውን አገኘሁት። በግራው ልቀመጥ ስል ብድግ ብሎ ዞሮ ተቀመጠ።

«በቀኝ በኩል አናግሪኝ» አለኝ። «የግራው ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

ቀኙም እየደከመ መሆኑን፣ ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ እንዲያደርግ ቢመክረውም እንቢ እንዳለ ነገረኝ። ጆሮው ላይ መሣሪያ የሰካ ድምፅ ቀጂ ማን ይቀጥራል? ስለዚህ የሰው አፍ እያየ፣ በቀኙ እያዳመጠ፣ በየቀኑ ዛሬ ይታወቅብኛል እያለ ይኖራል። አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ነገርኩት። እንደጠየቅሁት እንኳ አላወቀም ነበር። አንገቱን ደፋ።

«ስንት ሰው እንዲህ አስቀይሜ ይሆን?» አለ።

«እኔ ለማንም አልናገርም» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኙ ሆንኩ። በመንገድ ስንሄድ፣ ምሳ ስንበላ፣ በሚኒባሱ ስንመለስ። ከሰው ጋር ማውራት የምፈራ ልጅ፣ ለእሱ የልጅነቴን ታሪክ ሁሉ አወራሁለት፤ ቃሎቼን ከአፌ ላይ ሲለቅማቸው ደስ ይለኝ ነበር። ነገሌ ልንገባ ስንል ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «የምፈራው ዝምታውን አይደለም ሙና። ድምፅሽን ከሰማሁ ገና ሦስት ቀኔ ነው... እሱን ማጣት ነው የምፈራው።»

ወደ ቀኙ ይበልጥ ጠጋ አልኩ። ልቤን የሰጠሁት ያኔ ነው።

ፊልሙን ማቀናበር ስጀምር ፍርሃቴ ሌላ ሆነ። በተረፈችን ማይክራፎን የቀዳው የዘፈን ድምፅ ውስጥ ቀጭን የጩኸት መስመር አለ፤ እንደ ትንኝ የምትጮህ። የመሣሪያ ችግር ነው፤ ደህና ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ይሰማታል። እሱ አልሰማትም። ልንገረው ወይስ ልተወው ብዬ ተጨነቅሁ። ብነግረው ይሰበራል። ብተወው በሰው ፊት ይዋረዳል። በመጨረሻ ሳልነግረው ጠዋት በጊዜ ገብቼ፣ ድምፁን እያጠራሁ አስተካከልኩት። ለእሱ መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በመዝጊያው ቀን ፊልማችን ታየ። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ እትዬ የዓለምወርቅ ተነሥተው አመሰገኑን። ከዚያ ሳይታሰብ፣ ሙና የሚጮኸውን ድምፅ አጥርታ ባታድነው ኖሮ ይህ ፊልም አይታይም ነበር አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ሥራዬን አይተው ነበር። ክፋት አልነበረበትም።

ዓብዱሰመድ ከመድረኩ ጥግ አፋቸውን እያየ ነበር። ሁሉንም ቃል አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ያየኝበትን ዓይን እስካሁን አልረሳሁትም። ምስጢሬን ሸጥሽ ነው የሚለኝ። ወጥቶ ሲሄድ ልከተለው ብል፣ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ ከበበኝ። በማግስቱ ወዳረፈበት ሆቴል ስሄድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዷል።

ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። «ለምን?» ብዬ አንድ መልእክት ላክሁ። መልስ የለም። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ከእኔ ሌላ አግኝቷል አልኩ፤ ጠልቶኛል አልኩ። ማታ ስተኛ ግን የሚመጣብኝ ያ አቧራ ነው፤ እየጮኽኩለት የማይዞር ጀርባ። በግንቦት አላስችል ብሎኝ ለእትዬ የዓለምወርቅ ደወልኩላቸው። ሥራውን ትቶ ወደራ፣ እናቱ ጋ ገብቷል አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጨርቅ የሚያመጣልን የጭነት መኪና ሹፌር ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ከአባቴ ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ወደራ ገበያ ላይ ነው አለ፤ አንድ ረጅም ወጣት፣ ሹፌሩ ጥሩንባውን እየነፋለት፣ ሰው እየጮኸለት፣ ዞር ሳይል መኪና ገጨው። አባቴ ሞተ ወይ ብለው ጠየቁት። ሰዎች ተሸክመውት ሄዱ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አለ።

የያዝኩት ጣቃ ከእጄ ወደቀ።

ሱቁ ውስጥ ገዢዎች ነበሩ። እኔ አባቴ ፊት የወንድ ስም ጠርቼ አላውቅም። ወደ እሳቸው ቀረብኩ።

«አባ፣ ወደራ ልሄድ ነው። የተገጨው ሰው... እሱን ማግባት ነው የምፈልገው።»

አባቴ ፊቴን አዩት፤ ይመቱኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት፣ አይሆንም ይሉኛል ብዬ ነበር። በመጨረሻ፣ ዲንኪቱ ከሌለች አትሄጂም አሉና ሚኒባስ ሊያስቆሙልኝ ራሳቸው ወጡ።

የዚያን ቀን መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ዲንኪቱ እጄን ይዛ ነበር። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞቶ ከሆነ፣ ምስጢሬን ሸጠች ብሎ እያሰበ ነው የሞተው።

ቤቱን ሰው አሳየን። በሩን የከፈቱልን እናቱ አዴ ዘቢባ ናቸው። «አካም ጅርታ» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ከመጋረጃው ወደ ውስጥ አየሁ። ፍራሽ ላይ፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ አልሰማኝም። ቀና ሲል አየኝ፤ ጋዜጣው ከእጁ ወደቀ።

በቀኙ ሄጄ ተቀመጥኩ። ለማንም እንዳልነገርኩ፣ እትዬ የዓለምወርቅ ስለ ጆሮው ምንም እንደማያውቁ፣ ድምፁን ያስተካከልኩት እንዳይዋረድ ብዬ እንደሆነ ነገርኩት። እየደጋገምኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ ከአፌ እስኪያነበው ድረስ።

«መጀመሪያ ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ።

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቼ ነው የሄድኩት። ስልኩ ሲጠራ ስምሽን አያለሁ፤ ባነሣው ግን ድምፅሽ እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። በስልክ መስማት አቁሜያለሁ ሙና። ለመልእክትሽ ስንት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ መሰለሽ።»

«ታዲያ ምን ይሻለናል?»

«አንቺ ጤነኛ ነሽ። ከእኔ ጋር ምን አለሽ?»

«ከነገሌ እስከዚህ ሞተሃል ብዬ ነው የመጣሁት» አልኩት። «ከዚያ የባሰ የምፈራው ነገር የለኝም።»

እጄን ያዘኝ። አዴ ዘቢባ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው አላህን ሲያመሰግኑ እኔ ብቻ ሰማኋቸው፤ ለእሱም ነገርኩት።

በነሐሴ ከሽማግሌዎች ጋር ቤታችን መጣ። በምርኩዝ እያነከሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመስሚያ መሣሪያውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሁሉም ሰው እያየው። እኔ ከጓዳ ሆኜ አዳምጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ ዘሩ፣ ስለ ሥራው ብዙ ተናገሩ። አባቴ ግን ወደ እሱ ዞረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ ስትጮህ ካልሰማሃት እንዴት ትጠብቃታለህ?»

«እስካሁን የጠበቀችኝ እሷ ናት፣ አባ» አለ። «ሕይወቴን ያተረፈችልኝም እሷ ናት። እኔ አብሬያት ልኖር ነው የመጣሁት። ቀኙም አንድ ቀን ይሄዳል፤ ይህንን ሳልነግርዎ ልጅዎን መጠየቅ አልፈለግሁም።»

እኔ ጓዳ ውስጥ በፍርሃት ሞትኩ።

«ደብቀህ ብትመጣ አልሰጥህም ነበር» አሉ አባቴ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዱዓ እንዲያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ።

ከተጋባን በኋላ ድምፁን ለእኔ ትቶ ካሜራውን ያዘ። እኔ እሰማለሁ፣ እሱ ያያል። በዓመት አንድ ጊዜ በቆላው ከተሞች እየዞርን፣ አዲስ ለሚጀምሩ ፊልም ሠሪዎች ሥልጠና እንሰጣለን። እኔ ነኝ ሰው ፊት ቆሜ የምናገረው፤ አሁንም መጀመሪያ ላይ እፈራለሁ።

የፈራነው ቀን የመጣው ባለፈው ዓመት፣ ወደራ ለሥልጠና ሄደን ሳለ ነው። ጠዋት ተነሥቶ መሣሪያውን ጆሮው ላይ አደረገ። አወለቀ። ባትሪ ቀየረ። መልሶ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱን ሳይ ገባኝ። ለዓመታት ይህን ቀን እያሰብኩ ስፈራ ኖሬ፣ እሪ የምል ይመስለኝ ነበር። ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከአፌ እንዲያነበኝ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«ሰማኸኝ?»

«አልሰማሁም» አለ። «ምን እንዳልሽኝ ግን አውቄያለሁ።»

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ተነሥተን ፊታችንን ታጠብን። ሥልጠናው በሦስት ሰዓት ይጀምር ነበር፤ ሳንቀር ሄድን።